ጽዱ ሲጠወልግ መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በጁን 2009 የበረሃ አንበጣ መንጋ መንዝ ውስጥ ባለው ጓሳ ላይ ሰፈረ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር ውርጫማ አምባ ነው፤ በአፍሪካ ቀንድ መንጋ አንበጣ እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ መታየቱ ከዚያ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም። የጭላዳን ኑሮ ለማጥናት እዚያው የሰነበቱ ተመራማሪዎች የሆነውን ሁሉ ጽፈው አቆዩት። ዕድሜውን ሙሉ ሣር ሲነጭ የሚውለው ጭላዳ ሣሩን ትቶ አንበጣ ሲለቅም ዋለ። ቁራውም አንበጣውን ጠገበ። አይጥ አዳኝ የሚባለው ቀይ ቀበሮ እንኳ ከድግሱ አልቀረም።

ይህን ዛሬ ልናነበው የቻልነው ጭላዳ የሚከታተሉ ሰዎች በየቀኑ ሜዳው ላይ ስለነበሩ ነው። አንበጣ ሲሆን ግን ተመራማሪ ባይኖርም ሰው ያየዋል፤ ሰማዩን አጥቁሮ፣ እህሉን አጭዶ የሚመጣ ጠላት አይደበቅም። ዛፍ የሚገድሉ መጤ ነፍሳት አመጣጣቸው ሌላ ነው። በችግኝ ቅርንጫፍ ሥር፣ በማገዶ ሸክም ውስጥ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ የዕቃ ሳጥን ሳንቃ ውስጥ ሆነው ይገባሉ። ከገቡም በኋላ ለዓመታት ድምፃቸው አይሰማም። ሰው ልብ ሲላቸው ብዙ ጊዜ ዛፉ ደርቋል፣ እነሱም ወደ ጎረቤት ቀበሌ ተሻግረዋል።

ጓሳ ራሱ የሣር አገር ነው። ስሙን የሰጠው ጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለሌላም ብዙ ነገር የሚውል ሲሆን፣ በመካከሉ አስታና ጅባራ ብቅ ብቅ ይላሉ። ጽዱና ባሕር ዛፉ የሚገኙት ከጓሳው ወረድ ብለው ባሉት ቀበሌዎች ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የአበሻ ጽድ አለ። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አጥር የፈረንጅ ጽድ ይተከላል። በየጓሮውና በየሸንተረሩ ደግሞ ነጭ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ብርዱ በሚበረታበት፣ ማገዶ ጠፍቶ ኩበት በሚነድበት አገር የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ ቀላል ሀብት አይደለም። ቤት የሚቆመው በእሱ ነው፤ ገንዘብ ሲቸግር ተቆርጦ የሚሸጠውም እሱ ነው። ስለዚህ ጽድና ባሕር ዛፍ የሚገድል ነፍሳት ወሬ ለመንዝ ሰው የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይችልም።

ከእነዚህ ነፍሳት በደንብ የሚታወቀው የጽድ ክሽክሽ ነው።

ክሽክሽን የደጋ ገበሬ ከገብሱና ከአተሩ ያውቀዋል። የሩሲያ ስንዴ ክሽክሽ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ገብስ ላይ ከታየ ወዲህ ቅጠሉን ጠቅልሎ ውስጥ መሸሸጉ ለደገኛው እንግዳ ነገር አይደለም። የጽዱ ክሽክሽ ለዚህ ዘመዱ ነው፤ ገላው ቡናማ፣ ርዝመቱ ከሁለት እስከ አራት ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ቅርፊቱን ወግቶ የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ። መነሻው ከምሥራቅ ግሪክ እስከ ካስፒያን ባሕር ደቡብ ባለው ምድር እንደሆነ ይገመታል። አፍሪካ ውስጥ ስሙ የተነሣው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በማላዊ አካባቢ ነው። በ1990 ኬንያ ደረሰ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ብቻ የገደላቸው ዛፎች ዋጋ 44 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል፤ ሳይሞቱ እድገታቸው የቀነሰ ዛፎች ደግሞ በየዓመቱ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያሳጣሉ ተብሎ ተሰልቶ ነበር። የማላዊ መለያ የሆነው የሙላንጄ ጽድም ከተጎጂዎቹ አንዱ ነው።

ይህ ነፍሳት ለምን እንዲህ ይፈጥናል? በሞቃታማው ዓለም ሴቷ ወንድ አትፈልግም፤ እንቁላልም አትጥልም፣ ሕያው ልጅ ትወልዳለች። የተወለዱትም በሳምንታት ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ። ቦታው ሲጣበብ ክንፍ ያላቸው ይወለዱና በነፋስ ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳሉ። በዚያ ላይ ሲመጥ የሚረጨው ምራቅ ዛፉን ይመርዛል፤ ጥቂት ክሽክሾች ያረፉባት ቅርንጫፍ እንኳ ልትደርቅ የምትችለው ለዚህ ነው።

ምልክቱን ለማየት ማጉያ መነጽር የግድ አይደለም። ጽዱ ሲታመም በአብዛኛው መድረቅ የሚጀምረው ከጫፉ ሳይሆን ከውስጥ፣ ከግንዱ አጠገብና ከታችኛው ቅርንጫፍ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ገና አረንጓዴ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ቅርንጫፉን ገለጥ ያደረገ ሰው ጣቱ ላይ የሚጣበቅ ነገር ያገኛል። ክሽክሹ የመጠጠውን ፈሳሽ ጣፋጭ አድርጎ ያንጠባጥበዋልና ነው። በዚያ ጣፋጭ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። ጉንዳን ግንዱን ሽቅብ ሲመላለስ ከታየ ደግሞ የሚሄድበትን ተከትሎ ማየት ነው፤ ጉንዳን ያለ ጉዳይ ጽድ አይወጣም። የቀረው ቀላል ነው፤ ከቅርንጫፉ ሥር ነጭ ጨርቅ ወይም አሮጌ ነጠላ ዘርግቶ በዱላ መታ መታ ማድረግ። ክሽክሽ ካለ ጨርቁ ላይ ቡናማ ሆኖ ይርመሰመሳል። በዓለም ያሉ የነፍሳት ባለሙያዎችም የሚሠሩበት ዘዴ ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ባሕር ዛፉም ጠላት መጥቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2000 እስራኤል ውስጥ የታወቀች፣ ትውልዷ ከአውስትራሊያ የሆነች ደቃቅ ተርብ አለች። በባሕር ዛፉ ቅጠል አጥንትና አንጓ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ቦታው ያብጥና ይጎብጣል፣ ለጋው ቀንበጥ ይቆረቁዛል። በ2002 በኬንያና በኡጋንዳ ታየች፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ገብታለች። አብዝታ የምትጎዳው ቀይ ባሕር ዛፍን፣ ያውም ችግኙንና ልጁን ዛፍ ነው። የመንዙ ነጭ ባሕር ዛፍ በዚህ ረገድ እስካሁን ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን የባሕር ዛፍ ጠላቶች ከአውስትራሊያ እየተከታተሉ ወጥተው በዓለም ዙሪያ በመሠራጨት ላይ ናቸው፤ ዕድል ብቻውን አጥር አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። የደረቀ ጽድ ሁሉ የክሽክሽ ጥፋት አይደለም። በትግራይና በአፋር ድንበር ያለው የደሳእ ደን ጽዱና ወይራው በስፋት ሲደርቅ ተመራማሪዎች የተመለከቱት ድርቁንና የአየሩን መለወጥ፣ ግጦሹንና ጭፍጨፋውን ነው። ሰው «ተባይ ገባ» ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጡ በፊት ምክንያቱ መለየት አለበት። ለዚህም ነው የዓይን ምስክርና የባለሙያ ምርመራ አብረው መሄድ ያለባቸው፤ አንዱ ብቻውን ጎዶሎ ነው።

የዓይን ምስክር ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከሌላው ዓለም ማየት ይቻላል። አሽ የሚባለውን ዛፍ የሚገድለው አረንጓዴ ጥንዚዛ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በኋላ የሞቱትን ዛፎች የዕድሜ ቀለበት ሲመረምሩ ጥንዚዛው ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ያህል እዚያው ይኖር እንደነበር ደረሱበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዛፍ ሲሞት ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ያዩትን ግን ከዚህ ነፍሳት ጋር ያገናኘው የለም። ዛሬ የሞቱት ዛፎች ቁጥር በመቶ ሚሊዮኖች ይነገራል። ከቻይና በዕቃ ማሸጊያ እንጨት የመጣው ቀንደ ረጅም ጥንዚዛ ታሪክ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ2008 በማሳቹሴትስ ዉስተር ከተማ ጥንዚዛውን ያየችው አንዲት ነዋሪ ነበረች፤ ዝም አላለችም፣ ለሚመለከተው አካል አመለከተች። ከ30 ሺህ በላይ ዛፎች ተቆርጠው ተፈጩ፤ ከተማዋ ጥላዋን አጣች። ቢሆንም ጥንዚዛው ከዚያ አካባቢ ወጥቶ ሰፊውን ደን እንዳይይዝ መከላከል የተቻለው በዚያች ጥቆማ ምክንያት ነው። በደቡብ አፍሪካ በ2017 ፒተርማሪትዝበርግ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ የተገኘው ግንድ ቦርቧሪ ጥንዚዛም ከከተማ ከተማ የተጓዘው በአብዛኛው በማገዶ ነው። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተስፋፋበትን ካርታ የሠሩት ነዋሪዎች ከየሠፈራቸው በሚልኩት ፎቶና ናሙና ጭምር ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ትምህርት አይደለም። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ ምዕራብ የበቆሎ ማሳ ላይ ታይቶ በወራት ውስጥ አገር ሲያዳርስ፣ ብዙው ገበሬ የተዋጋው በእጁ እየለቀመ ነበር። ከዚያም በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት በየመንደሩ የተመረጠ ገበሬ የእሳት ራቱን የሚስብ ወጥመድ ይሰቅልና የገባበትን ይቆጥር ጀመር። ቁጥሩ በስልክ ይላካል፤ ማሳው ከመበላቱ በፊት ወሬው ይደርሳል። በ2019 እና በ2020 አንበጣ በወረረበት ጊዜም እንዲሁ በስልክ የሚሞላ የአሰሳ ቅጽ በሥራ ላይ ውሏል። ለበቆሎና ለጤፍ የተቻለ ነገር ለጽድ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ልዩነቱ ዛፍ በየዓመቱ ስለማይታጨድ ጉዳቱ ቀስ ብሎ መምጣቱ፣ ስለዚህም የሚጮህለት ሰው ማጣቱ ነው።

የጓሳ ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የጓሳ ሰው ሀብቱን በጋራ ዓይን መጠበቅ የጀመረው ትናንት አይደለም። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት የሚባል ነበር፤ በቅርቡ ዘመን በፖለቲካው መድረክ ከምንሰማው ስም ጋር ዝምድና የለውም። አካባቢው በአስቦና በገራ ተከፍሎ፣ ሕዝቡ የመረጠው አባ ቄራ እየመራው፣ ጓሳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በምክክር ይከፈትና ባለ መብቱ ያጭዳል፤ ከብቱን ያሰማራል። በ1967 ዓ.ም የወጣው የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። በኋላ በጓሳ ኮሚቴ መልክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነቱን በሕግ አጸናለት። የሥርዓቱን ታሪክ በዶክትሬት ጥናቱ ከመረመሩት አንዱ የዱር እንስሳት ባለሙያው ዘላለም ተፈራ ነው። ዛሬ ከየቀበሌው የተመረጡ ጠባቂዎች ሜዳውን በእግር ይዞራሉ፤ የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበርም ለዓመታት ሲደግፋቸው ቆይቷል። ሥራቸው ያለ ጊዜው የገባ ከብትና ያለ ፈቃድ የታጨደ ሣር መከልከል፣ ቀበሮውንና ጭላዳውን መከታተል ነው።

እነዚህ ሰዎች የሌላቸው ዓይን አይደለም። ቀበሮ ከሩቅ የሚለይ ሰው በመንገዱ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ቅርንጫፍ መድረቁን ማየት አያቅተውም። የሚያስፈልገው ምን እንደሚያይ መንገርና ካየው በኋላ የት እንደሚሄድ ማሳወቅ ነው። ጠባቂው ደግሞ ብቻውን አይደለም። ቅጥሩን የሚያውቁት ካህናትና ዲያቆናት አሉ። ከብት ሲያግዱ ዛፍ ሥር የሚውሉ ልጆች አሉ። በጓሮው ያለውን ግንድ ሁሉ በቁጥር የሚያውቅ የባሕር ዛፍ ባለቤት አለ። የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበቦች ደግሞ የአጥራቸውን ጽድ በየወሩ አንድ ቀን በነጭ ጨርቅ ቢመረምሩ ከመማሪያ መጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ያገኙበታል። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ያየው ሰው ሲናገር የሚሰማው ሌላ ሰው መኖሩን ነው። በብዙ ቦታ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እዚህ መገናኛው ላይ ይመስላል።

ቀድሞ ማየት በጓሳ አካባቢ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት አለ። ዘግይቶ የታየ ተባይ ብዙ ጊዜ ወደ መርጫ ያስሮጣል። የጓሳ ዙሪያ ግን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ወፉም ከብቱም ንቡም የሚበዛበት አገር ነው። አንበጣው በመጣ ጊዜ የዱር እንስሳቱ አንበጣ ሲበሉ ያዩት ተመራማሪዎች የኬሚካል ርጭት በዚህ ሥፍራ በጥንቃቄ እንዲታይ ያሳሰቡት ያለ ምክንያት አይደለም። መርዝ የጠጣ አንበጣ የሚገባው ጭላዳው ሆድ ውስጥ ነው። ረጅም ጽድ ላይ መድኃኒት መርጨት ደግሞ ለአንድ ገበሬ ቀርቶ ለወረዳም አይቀልም። ከመርጨት ሌላ መንገድ መኖሩን ማላዊ አሳይታለች። በ1994 የክሽክሹን የተፈጥሮ ጠላት፣ በክሽክሹ ገላ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ደቃቅ ተርብ፣ ከአውሮፓ አምጥታ ለቀቀች። ኬንያና ኡጋንዳም ተከተሏት። እንዲህ ያለው ሥራ ግን የሠለጠነ ላቦራቶሪና የመንግሥት ውሳኔ ይፈልጋል፤ ገበሬው በራሱ የሚያደርገው አይደለም። በለስ ላይ የደረሰውን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ለቀይ ቀለም ምርት ታስቦ ወደ ትግራይ የገባው የበለስ ነፍሳት ከታሰበለት ቦታ አልፎ የድሃውን በለስ ሲበላ ከርሟል። በገዛ እጅ የገባ መጤም መጤ ነው።

ገበሬው በራሱ የሚያደርገው ችግኝ መምረጥ ነው። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ በመኪና ይጓዛል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ችግኝ የጫነ መኪና ክሽክሽም ሊጭን ይችላል። የጽድ ችግኝ ከመሠራጨቱ በፊት ቅጠሉ ተገልጦ ቢታይ፣ የሚጣበቅ ወይም ጥላሸት ያለበት ቢለይ፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የታመመ ዛፍ ቅርንጫፍም ለማገዶ ወደ ሌላ ቀበሌ ባይሄድ ይሻላል፤ እዚያው ቢቃጠል ወይም ቢቀበር ይመረጣል። ከውጭ የሚገባው የዕቃ ሳጥን እንጨት እምብርቱ በ56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅ ወይም በሌላ በታወቀ መንገድ እንዲታከም ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ ማኅተሙ ሳንቃው ላይ ይታያል። በየገበያው የሚሸጥ አሮጌ ሳጥን ገዝቶ በር የሚሠራ ሰው ማኅተሙን ፈልጎ ቢያይ አይከፋም።

ወቅቱን በተመለከተ ማላዊ ውስጥ ክሽክሹ የሚበዛው በደረቁና በቀዝቃዛው ወራት ነው። ለመንዝ ይህን የሚመስለው ዝናቡ ቆሞ ውርጩ ሲበረታ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ገብሱ ተወቅቶ ሰው ትንሽ ፋታ የሚያገኘውም ያኔ ነው። በዚህ ጊዜ ጨርቁ ላይ ቡናማ ክሽክሽ ያገኘ ሰው ጥቂቱን ከነቅርንጫፉ ጫፍ ክዳን ባለው ጠርሙስ ቢያስቀምጥ ለባለሙያ ትልቅ ዕርዳታ ነው። የሕክምና አልኮል ይመረጣል፤ ከጠፋ ግን በአካባቢው የማይታጣው ጠንካራ ዳግም አረቄ ለጊዜው ናሙናውን ሳይበሰብስ ያደርሰዋል። ወረቀት ቁራጭ ላይ የዛፉ ዓይነት፣ ቀበሌው፣ ቀኑና ያገኘው ሰው ስም በእርሳስ ተጽፎ ከውስጥ ይገባል፤ የእስክርቢቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። ጠርሙሱ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ይሰጣል፤ ከዚያ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የምርምር ማዕከል፣ ካስፈለገም ወደ አምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያዎች ይሄዳል። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ «ክሽክሹ እሱ አይደለም» የሚል እንኳ ቢሆን፣ ስሙን በእርሳስ ለጻፈው ሰው ተመልሶ መነገር አለበት፤ አለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጠርሙስ አይመጣም።